የጠፋው ደህና ሞተር

የከተማችንን ስም አልጽፍም። ስም የጻፈ ሰው ኋላ «ከማን ሰማህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እኔ ደግሞ የሰማሁትን ብቻ ሳይሆን ያየሁትንም ስለምጽፍ ሁለት ጊዜ መጠየቅ አልፈልግም። ለአንባቢ ይህ ይበቃዋል፦ ከተማችን ከአንድ ረጅም አቀበት ግርጌ ናት፤ ሐኪም ቤቱና ገበያው ከአቀበቱ አናት ላይ ናቸው፤ ሰዉ ሁሉ የሚነዳው ደግሞ አንድ ዓይነት መኪና ነው።

መኪናዋ መካከለኛ የቤት መኪና ናት። አራት በር አላት፣ አምስት ሰው ትይዛለች፣ ትልቅ ናት ብሎ የፈራት፣ ትንሽ ናት ብሎ የናቃት የለም። ቀለሟ የሁላችንም አመድማ ነው። መብራቷ፣ ወንበሯ፣ የበሯ እጀታ አይለይም። ልዩነቱ ሞተሩ ላይ ነው፤ ይባላል።

ደረጃው ሦስት ነው። ተርታ የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ደህና የሚባለውም ባለ አራት ነው፤ ነገር ግን አየር እየጨመቀ ወደ ሆዱ የሚነፋለት ቱርቦ አለው። የላቀ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሲሆን ጉልበቱ የሁለት ተርታ ነው፤ ሌላው ገና ማርሽ ሳያስገባ እሱ ተፈትልኮ ከዓይን ይጠፋል ይባላል። ይህን ሁሉ «ይባላል» የምለው ያየ ሰው ስለሌለ ነው። ኮፈኑ በእርሳስ ማኅተም የታሸገ ነው። ማኅተሙን የሚቆርጠው የሞተር ደረጃ ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ከነካው መኪናዋ ትወረሳለች፣ ባለቤቱም ዕድሜ ልኩን በእግሩ ይሄዳል። «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ መተረት በከተማችን ባይከለከልም፣ አጠገቡ መኪና ቆሞ ሳለ የሚተርት ሰው አላጋጠመኝም።

ታዲያ ደረጃው በምን ይታወቃል ለሚል፣ ከኋላ በተለጠፈው የብረት ምልክት ነው። ስለዚህ እኛ ሰው ስናገኝ «እንዴት አደርክ» ከማለታችን በፊት መኪናውን ዞር ብለን ከኋላ እናያለን። ከዚያ ምን ያህል እጅ እንደምንነሣ እንወስናለን። አይተንም አናምንም። ምልክቱን ራሱ ለጥፎት ይሆን? ብሎኑ አዲስ አይመስልም? እያልን አንዳችን የአንዳችንን ጭራ ስናጠና እንውላለን።

የሞተሮቹ ብቃት ግን በተግባር የተረጋገጠ ነው። ለምሳሌ ተርታ የላቀን ቀድሞ አያውቅም፤ መቅደም ስለተከለከለ። የላቀ ሞተር ብዙ ነዳጅ ስለሚጠጣ ባለቤቶቹ ከሌላው እጥፍ ጊዜ ማደያ እንዲሰለፉ ደንቡ ያዛል፤ የመኪናቸው ታንከር ገና ሙሉ ከሆነ ከማደያው ጀርባ ዞረው ጥቂት ይቆሙና፣ እያጉረመረሙ ይወጣሉ። ማጉረምረሙም ከክብራቸው አንዱ ነው።

ከሁሉ በላይ ልዩነቱ የሚታየው አቀበቱ ላይ ነው። ተርታ ጉልበት ስለሌለው አጋማሹ ላይ ካለችው ዋርካ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ይወርዳል። ሾፌሩ ብቻውን ይነዳል፣ ቤተሰቡ ከጎን እያለከለከ ይከተላል። የደህና ተሳፋሪ አይወርድም፤ ወደ ፊት ያጎነብሳል። ቱርቦው እንዲያግዝ መታገዝ አለበትና። የላቀ ተሳፋሪ ወንበሩን ለጥጦ ይንጋለላል። ልጆቻችን ይህንን አፍ ከመፍታታቸው በፊት ያውቁታል።

ከአቀበቱ ግርጌ ደግሞ አዳማጭ የሚባል ሹም አለ። ሥራው ሞተር እያዳመጠ ደረጃውን ማረጋገጥ ነው። ጆሮውን ወደ ኮፈኑ ያዘነብላል፣ ዓይኑን ወደ ኋላ ምልክቱ ይልካል፣ ከዚያ «ተርታ ነው» ወይም «ደህና ነው» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም።

አቶ ማንያዘዋል ጎረቤቴ ነው። ብርድ ልብስ ይሸጣል። ተጠራጣሪ በሆነው በዚህ ከተማ ውስጥ እንኳን በተጠራጣሪነቱ የታወቀ ነው፤ ብርድ ልብስ ሊገዛ የመጣን ሰው ለምን እንደበረደው ይጠይቃል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ለሱ እንደ ጠዋት ጸሎት ናት። የማይጠረጥራት አንዲት ሰው ሚስቱ ስንዱ ናት። ስንዱ ልቧን ያማታል፤ በየወሩ አቀበቱን ወጥታ ሐኪም ማየት አለባት።

መኪናቸው ተርታ ነበረች። ስለዚህ ዋርካዋ ጋ ሲደርሱ ስንዱ ትወርዳለች። እሱ መሪውን ይዞ በመስኮት እያያት ቀስ ብሎ ይነዳል፣ እሷ ደረቷን ይዛ ታዘግማለች። አናቱ ላይ ሲደርሱ ሐኪሙ ያዳምጣትና «ለልብሽ አቀበት መርዝ ነው። ለማንኛውም በወሩ ተመለሺ» ይላታል። ማንያዘዋል ይህን በሰማ ቁጥር ሐኪሙን ይጠረጥረው ነበር።

ያቺ ተርታ አንድ ዓመል ነበራት። ጠዋት ሲያስነሷት ሁለት ጊዜ ታስልና ጸጥ ትላለች፤ ጠፋች ሲሏት አንድ ጊዜ አስነጥሳ ትነሣለች። ስንዱ ከአልጋዋ ሆና «ይማርህ!» ትላለች፤ ማንያዘዋል በሞተሩ ፈንታ «ያኑርሽ!» ብሎ ይመልሳል። ይህ የቤታቸው ጨዋታ ነው። በአጥር ስለምንዋሰን በየማለዳው እሰማው ነበር።

ማንያዘዋል ደረጃ እንዲያድግለት ያመለከተው ጠጉሩ ጥቁር ሳለ ነው። የማደጊያው መሥፈርት ትዕግሥት ሲሆን፣ «ስንት ትዕግሥት?» ብሎ የጠየቀ ሰው ትዕግሥት የለውም ተብሎ ይሰረዛል። እሱ ሳይጠይቅ ሸበተ። በመጨረሻ ተጠራ። መኪናዋን ከጽሕፈት ቤቱ ግቢ፣ ከግንቡ ጀርባ አሳድሮ በማግስቱ ሲሄድ ማኅተሙ አዲስ፣ ከኋላ የተለጠፈው ምልክትም «ደህና» ሆኖ አገኘው።

«ሞተሩ አዲስ ነው፤ አይጨክኑበት» አለው የጽሕፈት ቤቱ ሹም። «ባለቤትዎም ማጎንበሱን እንዳይረሱ።»

በማግስቱ የሐኪም ቀጠሮ ነበር። ማንያዘዋል በጠዋት ገብቶ ቁልፉን ጠመዘዘ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለ። ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ጊዜ አስነጥሶ ተነሣ።

«ይማርህ!» አለች ስንዱ ከውስጥ፣ በልማድ።

ማንያዘዋል መልስ አልሰጠም። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር፤ ጆሮዬን ሳላጥብ ገባሁ።

አቀበቱን ወጡት። ዋርካዋ ጋ ስንዱ እንደ ልማዷ እጇን ወደ በሩ ሰደደች፤ እሱ «ተይው» አላት። ወደ ፊት አጎንብሳ ግንባሯን ዳሽቦርዱ ላይ አስደግፋ ቆየች። መኪናዋ ስትቆም ቀና ብላ «አለቀ?» አለች። አለቀ አላት። ሐኪም ቤቱን ከመስኮቱ እያየች እንባዋ ወረደ፤ እንዲያ ሳታለከልክ አይታው አታውቅም።

ማንያዘዋል ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ማታውን ምስር ከምትለቅመው ሚስቱ ፊት ቁጭ አለና፣ «ስንድዬ፣ ይሄ የድሮው ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ሞተሩ። ምልክቱን ነው የቀየሩት።»

«ወጣ አይደል?»

«ወጣ።»

«እኔን ይዞ ወጣ አይደል? ታዲያ ምን ቸገረህ?»

«የቸገረኝማ፣ ድሮም ይዞሽ ይወጣ እንደነበር ነው።»

ስንዱ ምስሩን ተወችው፤ ባሏ ያለቅስ ነበር። ማንያዘዋል ኋላ ይህን ሲያጫውተኝ ያን ዕለት ያስለቀሰው ንዴት ነው አለኝ፤ እኔ ግን ሐዘን ነው የመሰለኝ። ያን ሁሉ ዘመን ልቧን ያደከማት ሕመሙ ብቻ አልነበረም። አጠገቧ አራት ባዶ ወንበር ይዞ፣ በመስኮት እያያት የሚነዳው ባሏም አብሮ ነበር ያደከማት። ይህን ማሰብ አልቻለም፤ አለማሰብም አልቻለም።

መጀመሪያ የመጣው ወደኔ ነው። እኔ ባለ ደህና ነኝ።

«ያንተ ጠዋት ያስነጥሳል?» አለኝ።

«የሰው ሞተር ማስነጠሱ አይጠየቅም፣ ማንያዘዋል» አልኩት። እውነቴን ነው፤ በኛ አገር ነውር ነው። ደግሞስ ማን እንደላከው በምን አውቃለሁ?

ከዚያ ወደ ደምሰው ሄደ። ደምሰው ከኛ ታች የሚኖር ባለ ተርታ ነው፤ እናቱ በምርኩዝ የሚሄዱ አሮጊት ናቸው፤ በየገበያው ቀን ዋርካዋ ጋ ያወርዳቸዋል። ማንያዘዋል በሩ ላይ ቆሞ፣ «ደምሰው፣ እናትህን አታውርዳቸው። ይወጣል። የኔ ያው ተርታው ነው፣ ስንዱን ይዞ ወጣ» አለው።

ደምሰው ከላይ እስከ ታች አየው። «ጋሼ፣ ማነው የላከዎት?»

«ማንም አልላከኝም። እናትህ አሳዝነውኝ ነው።»

«ደረጃ ካገኙ በኋላ ነው ያሳዘኑዎት?»

ደምሰው ክፉ ሰው አይደለም። ሌሊቱን ሲያሰላስለው አደረ እንጂ። ይሄ ሰውዬ ሊያስወርሰኝ ፈልጎ ነው፤ ወይም ጽሕፈት ቤቱ ታማኝነቴን እየፈተነ ነው፤ ወይም ተርታ የሆነውን ሁሉ አስወርሶ መንገዱን ለብቻው ሊይዝ ነው። «አዝኖልኝ ነው» የሚለው ሐሳብ ለጊዜው አልመጣለትም። ሲነጋ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ተናገረ።

ማንያዘዋልን ከነመኪናው ከአቀበቱ ግርጌ ካለው ሜዳ አቀረቡት። ከተማው ሁሉ መኪናውን ይዞ ወጣ። የጽሕፈት ቤቱ ሹም በመቀስ ማኅተሙን ቆርጦ ኮፈኑን ሲያነሣ ሰዉ ሁሉ ፊቱን አዞረ፤ የሰው ኮፈን ውስጥ ማየት ደስ አይልም። አንዳንዶች የልጆቻቸውን ዓይን ጋረዱ።

ሹሙ ዝቅ ብሎ አየና፣ «አራት ሲሊንደር። ቱርቦ የለውም። ይህ ተርታ ነው» አለ።

የማንያዘዋል ፊት በራ። «አላልኩም? አላልኩም ወይ?»

ሹሙ እጁን በመሐረብ ጠርጎ ጨረሰና፣ «አቶ ማንያዘዋል፣ የሰጠንዎትን ደህና ሞተር የት አደረሱት?» አለው።

ሜዳው ላይ ጉምጉምታ ሆነ። አንዳንዱ ሰው እፎይ ሲል ሰማሁት። ሁሉ ነገር መልክ ያዘ፤ ሰውየው ሌባ ነው።

«ጌታዬ፣ ማኅተሙን አሁን እርስዎ ራስዎ ቆረጡት እኮ! ማንም አልነካውም!»

«የሚያሳስበንም እሱ ነው» አለ ሹሙ። «ማኅተም ሳይነካ ሞተር የሚያወጣ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመንም።»

ቤቱን ፈተሹ። አልጋ ሥር አዩ፣ ዱቄት ዕቃ ውስጥ እጃቸውን ከተቱ፣ የብርድ ልብሱን ክምር አንድ በአንድ አራገፉ። ሞተሩ አልተገኘም። አለመገኘቱ በጥሩ ሁኔታ መደበቁን አስረዳ።

ሲመለሱ ማንያዘዋል ወደኛ ዞረ። «የአንድ ሰው ብቻ ይከፈት» አለ። «የማንም ይሁን። ባለ ደህናም፣ ባለ የላቀም። አንድ ኮፈን ብቻ ክፈቱና ያው ካልሆነ እኔን ስቀሉኝ።»

ከንቱ ጥያቄ አልነበረም። ሹሙ ራሱ ወደኛ ተመለከተ። ያን ጊዜ የሆነውን እንዳየሁት እጽፈዋለሁ። ሁሉም ሰው አንድ አንድ እርምጃ ወደየራሱ መኪና ተጠጋ። አንዱ ክንዱን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። አንድ ባለ የላቀ፣ ኮት የለበሱ ትልቅ ሰው፣ እንደ ደከመው ሰው ኮፈናቸው ላይ ቁጭ አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ሞተር ሲጠረጥር የኖረ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የምንጠረጥረው የራሳችንን ኖሯል።

«ስለ ሞተሩ ቅሬታ ያለው ሰው አለ?» አለ ሹሙ።

ቅሬታ ያለው አልነበረም።

ፍርዱ ከባድ ነው አልተባለም። ምልክቱ ተፍቆ ተነሣና መኪናዋ ተርታ ሆነች። በዚያ ላይ ማንያዘዋል የጠፋውን ደህና ሞተር እስኪመልስ ድረስ ተሳፋሪው ዋርካዋ ጋ ሳይሆን ከአቀበቱ ግርጌ ጀምሮ እንዲወርድ ተወሰነ። ስንዱ ፍርዱን የሰማችው ከመኪናው ውስጥ ሆና ነው። ግማሹን አቀበት ያልቻለች ልብ፣ ሙሉውን እንዴት ትችለዋለች? ማንያዘዋል ወደ መኪናው ተመለሰ። «እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ። አፌን ብይዝ ኖሮ» አላት።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ከገበያ ቀን ጋር ገጠመ። አቀበቱ በሰው ተሞልቷል። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። አዳማጩ ግርጌው ላይ እጁን አነሣ፤ ማንያዘዋል ሲያቆም ሞተሩ ጠፋ። አዳማጩ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አዘንብሎ፣ ዓይኑን ምልክቱ ወደ ነበረበት ቦታ ልኮ፣ የጠፋውን ሞተር አዳመጠና «ተርታ ነው» አለ። ከዚያ የስንዱን በር ከፈተ። «ይውረዱ፣ እመቤቴ።»

«አልወርድም» አለች ስንዱ።

«ሕግ ነው።»

«ሕጉ ልቤን አይቶታል?»

«እመቤቴ፣ እርስዎ ካልወረዱ መኪናው አይወጣም።»

«ካልወጣማ ምን አስጨነቀህ፣ የኔ ልጅ? እዚሁ እንቀመጣለን።» በሩን ከእጁ ላይ ስባ ዘጋችው። «ንዳ፣ ማንዬ።»

«ስንድዬ፣ ይወርሱናል።»

«ይውረሱን። በመኪና ሞቼ በእግሬ ከምድን ይሻለኛል? ንዳ አልኩህ።» የምትለው እንደተዘበራረቀባት ገብቷት ሳቅ አመለጣት፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ባሏን እያየች ሳቀች።

ማንያዘዋል ቁልፉን ጠመዘዘ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለ። ጸጥ አለ። እናቱን አሳፍሮ መኪናውን ከጎን ያቆመው ደምሰው እንኳን ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ አስነጠሰ።

«ይማርህ!» አለች ስንዱ፣ አቀበቱ ሁሉ እየሰማ።

ማንያዘዋል መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ያኑርሽ» አለ።

ወጡ። ዋርካዋን አለፉ። ስንዱ አላጎነበሰችም፣ አልተንጋለለችም፤ እንዲሁ ሰው እንደሚቀመጥ ተቀምጣ ሄደች። በመንገዱ ዳር በእግሩ የሚወጣው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያት ነበር፤ ማንም አላጨበጨበም። እያንዳንዱ ሰው ግራና ቀኙን ያያል፤ ሌላው ምን እንዳየ ለማወቅ።

አልተወረሱም። ተርታ ከነተሳፋሪው አቀበት ቢወጣ ምን እንደሚቀጣ ሕጉ አይናገርም፤ የማይሆን ነገር ቅጣት አያስፈልገውምና። ጽሕፈት ቤቱ ግን ነገሩን ችላ አላለውም። ተሰብስቦ መከረና ማብራሪያ አወጣ፦ ተርታ ሰው ይዞ አቀበት እንደማይወጣ የታወቀ ነው፤ መኪናዋ ወጥታለች፤ ስለዚህ ወይዘሮ ስንዱ ክብደት የላቸውም። የልብ ሕመምተኛ በአቀበት ላይ ክብደት እንደሌለው ከዚህ ተረጋግጧል።

እኛም አመንን። በዚያው ሰሞን የባለ ተርታዎች ቤተሰብ በሙሉ ልቡን ታመመ። ደምሰው አንድ ቀን እናቱን ይዞ ማንያዘዋል ቤት መጣ። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎን ነበር፤ እሱ ግን አቀርቅሮ፣ «እትዬ ስንዱ፣ እናቴ ደረታቸውን የሚይዙት የት ጋ ነው?» አለ። ስንዱ አልተቆጣችም። ምርኩዛቸውን ተቀብላ፣ የአሮጊቷን እጅ ይዛ፣ «ትንሽ ወደ ግራ፣ እማማ። አዎ፣ እዚያ ጋ» ብላ አሳየቻቸው። ከዚያ ወዲህ ግቢዋ ደረት መያዝ የሚማር ሰው አጥቶ አያውቅም።

አሁን ዋርካዋ ጋ የሚወርድ ሰው የለም። ተርታዎቹ ደረታቸውን የያዙ ጤነኞች ሞልተው ይወጣሉ፤ አዳማጩም ጆሮውን እያዘነበለ «ተርታ ነው» ይላል። ምልክቶቹ በየቦታቸው ናቸው። ሐኪሙ ስንዱን አዳምጧት ልቧ በርትቷል ብሏል፤ ይህን ግን ለሰው እንዳትናገር አስጠንቅቋታል፣ ክብደት እንዳታወጣ። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች አልፎ አልፎ እየመጡ የማንያዘዋልን አልጋ ሥር ያያሉ። እሱም ፋኖሱን ይይዝላቸዋል።

እኔ ግን ባለ ደህና ነኝ፤ ማብራሪያው እኔን አይመለከትም። አቀበቱ ላይ እስከ ዛሬ ወደ ፊት አጎነብሳለሁ። አንገቴን ይዞኛል፤ ሐኪሙም ማጎንበሱን ተው፣ ቀና በል እያለ ይመክረኛል። እንዴት ብዬ ልተወው? ቀና ብዬ መኪናው ቢወጣስ?